የዱር ድንች ነጥቦች ባሕር ላይ ለምን ያርፋሉ?

ካርታህ አልተበላሸም። ከጂቢአይኤፍ (የዓለም ዝርያዎች የት እንደተገኙ የሚመዘግብ የኢንተርኔት የመረጃ ቋት) ያወረድካቸው የዱር ድንች ነጥቦች፣ ማለትም ናሙናዎቹ የተገኙባቸው ቦታዎች፣ ባሕር ላይ ያረፉት በመገኛ ቁጥሮቹ ስህተት ነው። ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተከመሩት ኬክሮስና ኬንትሮሳቸው ዜሮ ተብሎ የተሞላ ናቸው፤ ሰርዛቸው። ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የገቡት የፔሩ ናሙናዎች ግን የኬንትሮሳቸው የመቀነስ ምልክት ወድቆ ነው። እነዚህን አትጣል። መግለጫቸው ላይ የተጻፈውን የቦታ ስም አይተህ አስተካክላቸው።

ከዚያ የትኛው ቦታ በዝርያ እንደበለጸገ ለማየት፦

1. ስሞቹን አጥራ። የዱር ድንች ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ከ200 በላይ ተብለው ተመድበው ነበር፤ አሁን ወደ 100 ገደማ ወርደዋል። የድሮና የአዲስ ስም ከተደባለቀብህ አንዱን ዝርያ ሁለቴ ትቆጥራለህ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም።

2. አካባቢውን 50 በ50 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍለህ በየካሬው ስንት ዝርያ እንዳለ ቁጠር። የናሙና ብዛት አይደለም! ካሬዎቹን በዲግሪ አትከፋፍል፤ ከምድር ወገብ በራቅክ ቁጥር ስፋታቸው ይጠባል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በዝርያ የበለጸገ የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ ሰብሳቢዎች የተመላለሱበት ነው። እኔ ሁሌም የመንገድ ካርታ እደርብበታለሁ። ነጥቦቹ መንገዱን ተከትለው ከተደረደሩ፣ ከየካሬው እኩል ቁጥር ያለው ናሙና በዕጣ እያወጣህ እንደገና አወዳድር። ባዶ ካሬ ደግሞ ተክሉ የለም ማለት አይደለም፤ ፈላጊ ያልደረሰበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታው ላይ ሌላ ቀለም ስጠው።