የመንታ ጂኖች ጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ፓይተን ትንሽ እሞክራለሁ፤ ቤተ ሙከራ ግን የለኝም። ጂኖች ሲደገሙ በሴል ውስጥ ያለው የፕሮቲኖች ኔትወርክ እንዴት እንደሚለወጥ ማጥናት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኛል?» ይሉኛል። ማስተርስ ላመልክት? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ የቤተሰቦችሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። «የኔትወርክ ዝግመተ ለውጥ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ሥራው የሚገኘው በባዮኢንፎርማቲክስ፣ በዘረመል ዳታ ትንተና ወይም በሰብል ማሻሻያ ስም ነው። ርዕስሽ ግን ከእኛ ማሳ የራቀ አይደለም። ጤፍ ሁለት የተለያዩ ጂኖሞችን (ሙሉ የጂን ስብስቦችን) አንድ ላይ የያዘ፣ 40 ክሮሞሶም ያለው ሰብል ነው። የማካሮኒ ስንዴ 28፣ የዳቦ ስንዴ 42፣ አረቢካ ቡና 44 ክሮሞሶም አላቸው፤ ሁሉም ከዝርያዎች መዳቀልና ከጂኖም መደገም የመጡ ናቸው። ሆለታ ባለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልም ሆነ ደብረ ዘይት ጤፍ በሚሻሻልበት ማዕከል፣ ከመደገም የመጡ ጥንድ (መንታ) ጂኖችን ለይቶ የሚተነትን ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ቢሆንም በጤፍ አትጀምሪ፤ በእርሾ ጀምሪ። የዳቦ እርሾ ጂኖም በ1996 (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተነብቦ አልቋል፤ ጂኖቹ 6,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ፕሮቲኖቹም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በሰፊው ተፈትሿል። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቅድመ አያቱ ጂኖም በሙሉ ተደግሟል። ቮልፍና ሺልድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1997 ጠቆሙ፤ በ2004 ጂኖሙ ካልተደገመ ዘመዱ ጋር ተነጻጽሮ ጸና። ከትርፍ ቅጂዎቹ ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተው 550 ያህል ጥንዶች ቀርተዋል።

እነዚህ ለምን ቀሩ? አንዱ መልስ ሚዛን ነው። ተገጣጥመው የሚሠሩ ፕሮቲኖች መጠናቸው መመጣጠን አለበት። አንዱ ጂን ብቻውን ቢደገም ሚዛኑ ይናጋል፤ ሁሉም አብረው ከተደገሙ በኋላ ግን የሚያናጋው አንዱን መጣል ነው። ከራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ፕሮቲኖች 59ኙ እስከ ዛሬ በጥንድ ጂን መሠራታቸው ከዚህ ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ሌላው መልስ የሥራ ክፍፍል ነው። ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ በተባለው እርሾ፣ ጋላክቶስ የተባለው ስኳር መምጣቱን የሚያስታውቀውም ስኳሩን ለጥቅም የሚያዘጋጀውም አንድ ፕሮቲን ነው፤ በዳቦ እርሾ ማስታወቁ ጋል3 ለተባለው፣ ማዘጋጀቱ ጋል1 ለተባለው መንታ ተሰጥቷል። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ምሳሌ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 10 ሳምንት መድቢ፤ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ (ራም) ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። የጥንዶቹን ዝርዝር ከእርሾ የጂን ቅደም ተከተል ማሳያ፣ የፕሮቲን ግንኙነቶቹን ባዮግሪድ ከተባለው ዳታቤዝ አውርጂ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ከባዮግሪድ አካላዊ ግንኙነቶችን ብቻ አስቀሪ፣ የዘረመል ግንኙነት የሚባሉትን አውጪ። ለእያንዳንዱ ጥንድ የጋራ ወዳጆቹን (ከሁለቱም ጋር የሚገናኙትን ፕሮቲኖች) ቁጥር ለሁለቱም ወዳጆች ጠቅላላ ቁጥር አካፍዪ (የጋራው አንዴ ብቻ ይቆጠር)። ከዚያ በዕጣ 1,000 ጊዜ እንግዳ ጥንዶችን አውጥተሽ አወዳድሪ።

ብዙ አመልካች የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በዕጣ የሚወጡት ጥንዶች በግንኙነት ብዛት ከእውነተኞቹ ጋር መመሳሰል አለባቸው፤ ታዋቂ ፕሮቲን ብዙ ስለተጠና ብቻ ብዙ መስመር (የተመዘገበ ግንኙነት) ይኖረዋል። ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው፦ ስትሪንግ የተባለውን ዳታቤዝ ከነነባሪ ውጤቱ ብትወስጂ፣ በቅደም ተከተል መመሳሰል ምክንያት ከሌላ ፍጡር የተሻገሩ ግንኙነቶች ይገቡበታል። መንታዎቹ ስለሚመሳሰሉ ያው መስመር ለሁለቱም ይደርሳል፤ አንቺም «መንቶች ወዳጅ ይጋራሉ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ያጋራቸው ግን ዳታቤዙ ነው። ፕሮቲኖችን ቆራርጦ በቁርጥራጮቻቸው ክብደት በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ በተገኙ ግንኙነቶችም በጣም የሚመሳሰሉ ጥንዶች ቁርጥራጮቻቸው አንድ ስለሚሆን የትኛው እንደተያዘ አይለይም።

የጥንዶቹን ዕድሜ በዝምተኛ (ፕሮቲኑን በማይቀይሩ) የዲኤንኤ ለውጦች ብዛት ልለካ ካልሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ልኬቱ በአንድ ቦታ ከ2 ለውጥ በላይ ሲሆን አይታመንም፤ አብዛኞቹ የእርሾ ጥንዶች ከዚያ አልፈዋል። የራይቦዞም ጥንዶች በተቃራኒው እርስ በርስ ቅጂ ስለሚለዋወጡ ወጣት መስለው ይታያሉ።

ይህ ሲያልቅ ወደ ጤፍ ተሻገሪ። ዳቢ የተባለው የጤፍ ዝርያ ጂኖም በ2020 ታትሟል። ኤምሲስካንኤክስ የተባለው ፕሮግራም በክሮሞሶም ላይ በተመሳሳይ ተራ የተሰለፉ ጥንዶችን ያወጣልሻል፤ ከሌሎች ሣሮች ጋር ኦርቶፋይንደር በተባለው ፕሮግራም ለማወዳደር ግን የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ፈልጊ፣ ላፕቶፕሽን አታሰቃዪው። በጤፍ ለየት ያለው ችግር ይህ ነው፦ ሁለቱ ጂኖሞች ስለሚቀራረቡ ባለ 150 ፊደል የአርኤንኤ ንባብ (የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካበት አጭር ቁራጭ) ለሁለቱም ሊገጥም ይችላል። ለሁለቱም የሚገጥመውን ሁሉ ብትጥዪ የሁለቱም ጂኖች መጠን ያነሰ ይመስላል፤ እኩል ብታካፍዪ አብረው የሚሠሩ ይመስላሉ። ሳልመን በመሰሉ፣ ንባቡን በዕድል ስሌት በሚያከፋፍሉ መሣሪያዎች ሥሪ፤ ቢያንስ በጥቂት ጥንዶች ላይ ልዩነት ያላቸውን ፊደላት ቆጥረሽ አረጋግጪ።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የእርሾውን ሥራ ጨርሺ እላለሁ። ለፕሮፌሰር የምትጽፊው ኢሜይል ከ200 ቃል አይብለጥ። «ዝግመተ ለውጥ ይማርከኛል» የሚለውን ተዪውና አንድ ሥዕል፣ የኮዱን አድራሻ፣ ያገኘሽው ውጤት በየትኛው ቁጥጥር እንደቀነሰ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ላኪ። ውጤትሽ መንቶቹ ከዕጣው ብዙም አይለዩም ቢል እንኳ ሳትደብቂ ላኪው። ለቤተሰቦችሽ ደግሞ የሥራ ማመልከቻሽን አሳዪያቸው፤ እዚያ ላይ የሚሰፍረው «ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ የአርኤንኤ ንባብ ትንተና፣ የኔትወርክ ስታቲስቲክስ» ነው።