የማሽላው ጢንዚዛ ዘመድ ሳሎን ውስጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ9 ዓመት ልጄ ውሻ ግዢልኝ እያለ ሲወተውተኝ ከረመ፤ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ እምቢ አልኩት። አሁን ደግሞ ጓደኛው ቤት ቢጫ ጢንዚዛዎች አይቶ መጥቶ በእነሱ ተያዘ። የእንስሳት መሸጫው «ኮንጎ ሮዘንኬፈር» (የኮንጎ ጽጌረዳ ጢንዚዛ) ይላቸዋል። ችግሩ እናቴ ከሸዋ ሮቢት ልትጠይቀን መጥታ ፎቶውን ስታይ፣ «ይሄ ማሽላችንን የጨረሰው ተባይ አይደለም እንዴ? ቤትሽ አስገብተሽ ልታሳድጊው ነው?» አለችኝ። ማናቸው ናቸው ልክ? ልጄስ ይችለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድመሽ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ዓይናቸው አልሳተም። ጀርመን ከመምጣቴ በፊት በእሳቸው አገር፣ በቀወት፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ ስለነበርኩ የሚሉትን ጢንዚዛ በደንብ አውቀዋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ማሽላው ወተት ሲይዝ ይመጣል። አንዱ ራስ ላይ እየተደራረበ ይሰፍርና ገና ያልጠነከረውን ፍሬ ይጨርሰዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሰሜን ሸዋና በአፋር ቆላ የስንቱን ገበሬ የዓመት ልፋት በልቷል። ሰዉ በእጁ እየለቀመ፣ ሙዝ በተደረገበት ወጥመድ እየያዘ ነው የታገለው። እናትሽ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

የልጅሽ ጢንዚዛ የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ፓክኖዳ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ የማሽላው ኢንተራፕታ፣ የመሸጫው ደግሞ ማርጊናታ ይባላል። የመሸጫው መነሻው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ በሳጥን ሲራባ ብዙ ትውልድ አልፎታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ መያዙ ምንም ነውር የለበትም። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ፦ አንድም ጢንዚዛ፣ አንድም እጭ (ገና ትል የሆነው ልጁ)፣ ያደገበትም አፈር ቢሆን በሻንጣ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይሄድ። እዚህም ደጅ አትልቀቁት። ማሽላው ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አይናገረውም።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። ይችለዋል። እንዲያውም ከማውቃቸው የቤት እንስሳት ሁሉ ለልጅ እንደ እሱ የሚመች አላየሁም። አይነክስም፣ አይጮኽም፣ ቅዳሜና እሁድ ከቤት ብትወጡም አይጎዳም። መጠኑ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው።

ክዳኑ የተበሳሳ ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ግዢ። ዋናው ጉዳይ ውስጡ የሚገባው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ለአበባ የሚሸጠውን አፈር ብቻ ሞልቶ እጮቹ በረሃብ ያልቁበታል። እጭ የሚበላው የበሰበሰ ቅጠልና በእጅ ሲጨብጡት የሚፈርስ ነጭ የበሰበሰ እንጨት ነው። በመከር ከልጅሽ ጋር ጫካ ዳር ሄዳችሁ ከኦክና ከቢች ዛፍ ሥር የወደቀውን ቡናማ ቅጠል ሰብስቡ። የጥድ ቅጠል ሙጫ ስላለው ይቅር። መድኃኒት ከሚረጭበት የአትክልት ቦታም አትውሰዱ። ቅጠሉን ፈርፍራችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉና ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። እርጥበቱን ለማወቅ እፍኝ ሙሉ ጨብጪ፤ ከተያያዘና ውኃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው።

ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሳጥኑን ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ላይ እንዳታስቀምጪው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ።

ትልልቆቹ የሚበሉት ፍራፍሬ ነው። የበሰለ ሙዝ ሲቀርብላቸው ጭንቅላታቸውን ቀብረው ይበላሉ፤ ፖም፣ ማንጎና ፒርም ይወዳሉ። ፍራፍሬውን ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጊላቸውና ሳይሻግት አንሺው፤ ያለዚያ ወጥ ቤትሽን የፍራፍሬ ዝንብ ይወርሰዋል። ከአያያዙ ሁሉ የሚያስቸግረው ይኸው ዝንብ ብቻ ነው።

ማራባት ከተባለ፣ እነሱ ራሳቸው ይራባሉ። አምስት ስድስት ግዢ፤ ወንድና ሴት ይኖራቸዋል። መለየት ከፈለጋችሁ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ፤ የወንዱ ሆድ መካከል ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው። ሴቷ አፈር ውስጥ ትቀበርና ትንንሽ ነጭ እንቁላሎች ትጥላለች። በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። እጩ ጥቂት ወራት እየበላ ይወፍርና አፈሩን እየለወሰ ለራሱ ክብ ቤት ይሠራል። ፑፓ፣ ማለትም ከእጭ ወደ ጢንዚዛ የሚለወጥበት ደረጃ፣ የሚሆነው እዚያ ውስጥ ነው። ልጅሽ «ልክፈተው» ማለቱ አይቀርም፤ እባክሽ አታስከፍቺው። ቤቱ አንዴ ከተሰበረ መልሶ መሥራት አይችልም፣ በአብዛኛውም ይሞታል። አንዳንዱ ግን ቤቱን የሳጥኑ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ስለሚሠራው በፕላስቲኩ በኩል ክሬም የመሰለው ፑፓ ሲገላበጥ ይታያል። ያኔ ያለምንም ጉዳት ሁሉን ያያል። ጢንዚዛው ከወር ትንሽ ቆየት ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ይኖራል። ልጁ ሞታቸውንም እንደሚያይ ከወዲሁ ንገሪው፤ ያኔ ግን አፈሩ ውስጥ ልጆቻቸው አሉ።

ሲበርም አሳዪው። ሌላው ጢንዚዛ ጠንካራውን የላይ ክንፍ ከፍቶ ሲነሳ፣ ይህኛው ሳይከፍት ስሱን ክንፍ ከጎኑ አውጥቶ ነው የሚበረው። ጠዋት ሳጥኑ ሲሞቅ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁ ታዩታላችሁ።

የአከራዩን ነገር ባታነሺም፣ ጀርመን ውስጥ በሳጥን ለሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት በአብዛኛው ፈቃድ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ሽቱትጋርት ያለችው እህቴ ቤት ኮምፖስቱን ስንገለብጥ አውራ ጣት የሚያህሉ ነጭ ትሎች አገኘን። ልጆቹ በሳጥን እናሳድጋቸው ይላሉ። ወይስ ተባይ ናቸውና ይገደሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርጉ። አንዱን አንሱና ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ እየተሳበ ከሄደ የሮዘንኬፈር ወገን ነው፤ ኋላው ወፍራም፣ እግሩ አጭር ነው። ሥር አይበላም፤ የበሰበሰውን እየፈጨ ኮምፖስቱን ያለሰልስላችኋል። የአገሩ አረንጓዴ ሮዘንኬፈር ደግሞ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ይዞ ማሳደግም መግደልም አይፈቀድም። ማሳደግ የፈለጉ ልጆች ከመሸጫ የሚገዛውን አፍሪካዊ ይያዙ። በጎኑ ታጥፎ የሚቀርና ረጃጅም እግር ያለው ከሆነ ግን ሥር የሚበላው ሌላው ጢንዚዛ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሣር ሥር ነው እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አይደለም። በጀርባቸው የሄዱትን ወደነበሩበት መልሳችሁ በቅጠል ሸፍኗቸው፤ ኮምፖስቱንም በሹል መንሽ ሳይሆን በእጅ ገልብጡት።