«ሀርድ ዲስክ አልተገኘም» ሲላችሁ፦ ስለ ኤክስፒ ጭነት ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን አሮጌ ዊንዶውስ (ኤክስፒንና 7ን) ስለመጫን ብዙ ጠይቃችሁኛል። እነሆ መልሱ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የኮፒ ቤቴ ስካነር የሚሠራው በኤክስፒ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ገዝቼ ልጭን ስል ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ቁጥሩ በ7ቢ ያልቃል። ዲስኩ ሞቷል አሉኝ።

አይዞሽ እህቴ፣ ዲስኩን እንዳትጥይው! ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የላፕቶፕሽ ዲስክ የሚሠራው ግን ኤኤችሲአይ በሚባል አሠራር ነው፤ የኤክስፒ ሲዲ ደግሞ የዚህ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) የለውም። ስለዚህ ዲስኩ እያለ አያየውም።

መጀመሪያ ፋይሎችሽን ገልብጪ። ከዚያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብተሽ የሳታ ሞዱን፣ ማለትም የዲስኩን አሠራር፣ ከኤኤችሲአይ ኤክስፒ ወደሚያውቀው አሮጌ አሠራር ወደ አይዲኢ ቀይሪው። አንዳንዱ ባዮስ «ኮምፓቲብል» ይለዋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል።

ከሞጣ፦ የኔ ባዮስ ላይ ይህ ምርጫ የለም። ድራይቨሩን በፍላሽ ይዣለሁ፤ አልቀበል አለኝ።

አዎ፣ አይቀበልህም። ጭነቱ ሲጀምር ከስክሪኑ ግርጌ «ኤፍ6ን ተጫን» የሚል መስመር ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላል። ቶሎ ተጫነው። ወዲያው ምንም ስለማይታይ ያልሠራ ይመስልሃል፤ ታገሥ። ቆይቶ ይጠይቅሃል፣ ኤስን ትጫናለህ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው፦ ኤክስፒ ድራይቨሩን የሚፈልገው ፍሎፒ (የድሮው ስስ ዲስክ) ላይ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሦስት ፍላሽ እየቀያየረ ሲሞክር አመሸ፤ ስክሪኑ ግን «ፍሎፒውን በኤ አስገባ» ከማለት አልወጣም።

ፍሎፒ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ኤንላይት በሚባል ፕሮግራም ድራይቨሩን ከሲዲው ቅጂ ጋር አዋሕደህ አዲስ ሲዲ ጻፍ። ድራይቨሩ ለላፕቶፕህ ቺፕሴት (በዋናው ሰሌዳ ላይ ላሉት መቆጣጠሪያ ቺፖች) የተሠራ ይሁን፤ ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ከሆነም የ32 ቢቱን ምረጥ። ሲያስመርጥህ «ቴክስት ሞድ» በል። እኔ ራሴ ከፍሎፒ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ከቡሬ፦ በአይዲኢ ከጫንኩ በኋላ ወደ ኤኤችሲአይ ብመልሰውስ?

ድራይቨሩን ቀድመህ ካልጫንክ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ለኮፒ ቤት ሥራ እንዳለ ተወው።

ከቢቸና፦ ዊንዶውስ 7 በፍላሽ ስጭን «የሲዲ ድራይቨር ይጎድላል» ይለኛል። ሲዲ ማጫወቻ እኮ የለኝም!

ስለ ሲዲ ያወራል እንጂ ብዙ ጊዜ የጠፋበት ፍላሹ ነው። ዊንዶውስ 7 ኤኤችሲአይን ያውቃል፣ ዩኤስቢ 3ን ግን አያውቅም። ፍላሹን ከሰማያዊው ቀዳዳ ነቅለሽ ዩኤስቢ 2 ላይ ሰክተሽ እንደገና ጀምሪ።

ከደጀን፦ ጭነቱ መሃል መብራት ቢጠፋስ?

ከመጀመሪያው ጀምር። የላፕቶፑን ባትሪ ሳትሞላ ግን አትነካካው።

ከፍኖተ ሰላም በድጋሚ፦ ሠራልኝ! አሁን ኢንተርኔት ላገናኘው?

እንኳን ደስ አለሽ! ኢንተርኔት ግን ይቅር። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍና መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 አቁሟል። ለስካነሩ ብቻ ይሁን፤ ደንበኛ የሚያመጣውን ፍላሽም ሌላ ኮምፒውተር ላይ በአንቲቫይረስ ሳታስፈትሺ አትሰኪበት።