ለአልጋ ቁራኛ ታማሚ ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። የሽንት ቱቦ እንደተደረገላቸው ከሆስፒታል ከወጡ 3 ሳምንት ሆናቸው። ሰሞኑን ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ቆዳቸው መላጥ ጀምሯል። ቀን ከሌት አብሯቸው የሚሆን ነርስ ለመቅጠር አቅማችን አልፈቀደም። ምን ይሻለናል?
ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ያስባሉ። በእኛ እምነት ለእናንተ የሚበጀው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን መጥቶ ቁስሉንና ቱቦውን የሚያይ፣ እናንተንም የሚያሠለጥን ነርስ ነው። ማገላበጡ ግን የቤተሰብ ሥራ ነው፤ እሱ ከጎደለ የትኛውም ቅባት ቁስሉን አያድነውም።

በየ2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው። በጎን ሲያስተኟቸው ክብደታቸው ዳሌ አጥንታቸው ላይ እንዳያርፍ ከጀርባቸው ትራስ ደግፈው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብሏቸው። ከባታቸው ሥር ሌላ ትራስ ይግባ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ። ወደ ላይ ከፍ ስታደርጓቸው በብብታቸው አትጎትቱ፤ የደከመው ትከሻ ይወልቃል፣ ቆዳውም ይፋቃል። ከትከሻ እስከ ታፋ የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ ከሥራቸው አንጥፋችሁ ሁለት ሆናችሁ ብድግ አድርጉ። የተጎዳውን ቦታ አትሹ፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስም ይቅር፣ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ይከለክላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ጎልቶ ስለማይታይ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ፤ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ ቁስል እየመጣ ነው።

ለቁስሉ ማጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ስታፈሉ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለች አትርሱ፤ ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለግማሽ ሊትር 1 ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አቀዝቅዙት፣ የተረፈውን በማግስቱ ድፉት። አልኮል ቁስሉ ላይ አይፍሰስ።

ቱቦውን በተመለከተ፣ ላቴክስ ከሚባለው ጎማ የተሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሲሊኮን ከሆነ እስከ 12 ሳምንት ነው የሚቆየው። እናትዎ 3 ሳምንት ስለሞላቸው ነርሱ በመጀመሪያው ቀን ዓይነቱን ይይ፣ ጨርሶ የሚወጣበት ጊዜ ደርሶ እንደሆነም ሐኪማቸው ይጠየቅ። ከረጢቱ ከፊኛቸው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለሉን ግን አይንካ።

የደሴ ብርድ ሲጠና የሙቅ ውሃ ጠርሙስ እግራቸው ሥር አታድርጉ፤ የደከመው ቀኝ ጎናቸው ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ሳያውቁት ይቃጠላሉ። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አይግባ። ካልሲና ድርብ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ነርሱን ስትቀጥሩ የታደሰ የሙያ ፈቃዱን በዓይናችሁ እዩ። ክፍያው በጉብኝት ይሁን በወር፣ ፋሻና ጓንት የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጠብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ትኩሳት ከያዛቸው፣ ቁስሉ ከሸተተ፣ ወይም ቱቦው ሳይታጠፍ ለ4 ሰዓት ሽንት ካልወረደ ነርሱን ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።