ሪፖርቱ ለማን ነው? ባንክ ቤት ለምትገቡ ልጆች

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ቤት ነው። ከመንዝ ጀምሬ ደብረ ብርሃን ላይ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ከገባ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለውን ገጽ ፈልጌ አነባለሁ።

ብዙ ጊዜ የማገኘው ያው ነው። ትልቅ ቼክ ይዘው የቆሙ ሰዎች፣ ለተማሪ ደብተር፣ ችግኝ ተከላ፣ ለተፈናቃይ ብርድ ልብስ። መስጠቱ ደግ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ብርድ ልብስን አያቃልልም። የሰው እምነት የሚመጣው ግን ከዚያ አይደለም።

መንዝ ሳለሁ ገበሬው በግ ሸጦ ይመጣል። የቁጠባ ደብተሩን ከፌስታል ፈትቶ ያወጣል። ብሩን ካስገባ በኋላ «እስቲ አንብብልኝ» ይለኛል። አነብለታለሁ። «ድገመው» ይላል። አንዳንዱ በሳምንቱ ተመልሶ ትንሽ ብር ያወጣል። ቸግሮት አይደለም። ሲጠይቅ እንደሚሰጠው ሊያይ ነው።

ሪፖርት ስትጽፉ ለዚህ ሰው ጻፉ። ብሩ የት እየሠራ እንደሆነ ንገሩት። ከአረርቲ ጤፍና ከመንዝ በግ የተሰበሰበው ቁጠባ ስንቱ እዚሁ ተበደረ? ስንቱ ለአዲስ አበባ ሕንፃ ሄደ? ይህ ጥያቄ ያንገበግበኛል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። ባንኩ ደግሞ የከተማ ቤት አስይዝ ይላል። ገበሬው ቆጣቢ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ምርትም በዋስትና እንዲያዙ በር ከፍቷል። እንግዲህ ባንካችሁ በዚያ በር ስንት ገበሬ አስገባ? ስንት ሴት? ይህ በሪፖርቱ ቢወጣ ከአሥር ፎቶ ይበልጣል።

የእድራችንን ገንዘብ ያዥ ተመልከቱ። ገቢና ወጪውን አባላቱ ፊት ያነባል። የጎደለ ካለም «ይህን ያህል ጎድሏል» ብሎ ይናገራል። ሰው የሚያምነው ለዚህ ነው።

በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ብር ሲያወጡ አድረዋል። ያኔ ብዙ ወሬ ተናፈሰ። ባንኩ ስንት ብር እንደወጣ በይፋ ሲናገር ግን ሰው የሚይዘው ነገር አገኘ። ዝም ቢባል ኖሮ ወሬው ቁጥሩን ይተካው ነበር።

ሌላም አለ። አገራችን ውስጥ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። ስንቱ ደንበኛ ያውቃል? በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል ቅርንጫፍ ላይ ለጥፉት።

ይህን ሪፖርት የመጻፍ ሥራ ሲሰጧችሁ መጀመሪያ የቅሬታ መዝገቡን ጠይቁ። ኤቲኤም ብሩን ሳይሰጠው ከሂሳቡ የተቆረጠበት ሰው ስንት ቀን ጠበቀ? ስንት ቅሬታ መጣ፣ ስንቱ ተፈታ? አለቃችሁ «ይሄማ ስማችንን ያጠፋል» ሊል ይችላል። ተረጋጉና ቁጥሩን ይዛችሁ ደግማችሁ ግቡ። ሠንጠረዡን ሌላ ሰው ይሥራው፣ ግድ የለም። ያልተፈታው ለምን እንዳልተፈታ የሚናገረውን አንቀጽ ግን ራሳችሁ ጻፉት።