እጁን ቢዘረጋ «ይቅርብኝ» አለችው

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ታንጎ የሚባለውን የአርጀንቲና የጥንድ ጭፈራ የምንለማመድ 14 ሰዎች ነን። ገሚሱ ደረት ለደረት መጠጋት ይወዳል፤ ሌላው ራቅ ማለት። ሁለት እህቶቻችን ከሴት ጋር ካልሆነ አይጨፍሩም። ሙዚቃውም አጣልቶናል፤ «የቦነስ አይረስ የድሮ ኦርኬስትራ ብቻ» የሚል አለ፣ «በአምባሰል እንሞክረው» የሚልም አለ። አንድ አባላችን ደግሞ ሲጋብዝ «ይቅርብኝ» ስለተባለ አኩርፏል። በድምፅ ብልጫ እንወስን?

መልስ፦ አይወስኑ። እቅፍ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፤ የቀሩት 12 ምን አገባቸው?

ከኩርፊያው እንጀምር። በእኛ ሠርግ እጅ ተይዞ «ተነሽ» ሲባል እምቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል፣ ይሉኝታም ይይዛል። ቦነስ አይረሶች ለዚህ መላ አላቸው፤ ካቤሴዎ ይሉታል። ጋባዡ ከተቀመጠበት በዓይኑ ይፈልጋታል። መልሳ ካየችው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ እሷም ከነቀነቀች ይነሳል። ካልፈለገች ዓይኗን ዞር ታደርጋለች፣ በቃ፤ ያየም የለም። ሴቷም ቀድማ ማየት ትችላለች። ይህ የሚበላሸው አምፖሉ ሲደበዝዝና ወንበሩ በጓደኛ በጓደኛ ሲከማች ነው። ስለዚህ መብራቱን አድምቁ፣ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ በአንድ ረድፍ ደርድሩ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «እኔን ነው» ብለው አብረው እንዳይነሱም ጋባዡ ፊታቸው እስኪደርስ ቁጭ ይበሉ።

እሺታውም ለአንድ ታንዳ እንጂ ለሌሊቱ አይደለም። ታንዳ በብዛት 4 ዘፈን ነው፣ 12 ደቂቃ ገደማ፤ ከዚያ ኮርቲና የምትባል አጭር ሌላ ሙዚቃ ትገባና መድረኩ ይለቀቃል። በመሃል «አመሰግናለሁ» ማለት «ይብቃን» ማለት ነው። ለጨዋነት ብለው በየዘፈኑ ካመሰገኑ አብሮዎት የሚጨፍረው ጥሎዎት ይሄዳል!

ርቀቱን የሚወስነው ይበልጥ መራቅ የፈለገው ነው። መሪው ግራ እጁን አንስቶ ይጠብቅ፤ ተከታይዋ እስከፈለገችው ትጠጋ። ቀኝ እጁ ጀርባዋ ላይ ይረፍ፣ አይሳብ። ከሳበ እሷ ትገፋዋለች፣ ክብደቷ ወደ ተረከዟ ይሸሻል፣ እርምጃውም ይበላሻል። ደረት ለደረት የማይፈልጉ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይራመዱ። ሴት ከሴት መጨፈሩ ነውር የለውም፤ ቦነስ አይረስም ወንዶች እርስ በርስ ይለማመዱ ነበር። ሁሉም ግድግዳውን በመሪው ቀኝ አድርጎ ይዙር፤ ተጠጋግተው የሚራመዱት በዳር፣ ራቅ ብለው እግር የሚያወናጭፉት በመሃል። ሲጣበብ ግን እግር ከወለል አይነሳ።

ሙዚቃው ላይ ወደ ድሮዎቹ አደላለሁ። ከ1935 እስከ 1955 ገደማ የተቀረጹት በብዛት ለጨፋሪ የተሠሩ ናቸው፤ ከኦርኬስትራ መሪዎቹ ለጀማሪ የዳርየንሶ ምት ጎልቶ ይሰማል፣ ለእርምጃ ዲ ሳርሊ ይመቻል። ፑግሊዬሴ ግን ለጊዜው ይቆይ። አምባሰል ግን ቅኝት ነው፤ እግር የሚከተለው ምቱን ነው። ዘፈኑ ጭክጭካ ከሆነ ምቱ በስድስት ስለሚቆጠር የታንጎ እርምጃ አይገጥመውም፣ በሦስት የሚቆጠረው የቫልስ እርምጃ ግን ይገጥማል፤ በ1ና በ4 ላይ ይርገጡ። በምሽቱ መጨረሻ አንድ ታንዳ፣ ፍጥነታቸው የተቀራረበ 3 ዘፈን ይበቃል። አስቀድመው ያስታውቁ፤ ያልወደደው ሻዩን ይጠጣል።

ያኮረፈውን ወንድማችንን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበሩ ፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ይታያል።