ወይን ለተከላችሁ የሮቢት ልጆች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ስትደውሉልኝ ጥያቄያችሁ አንድ ሆኗል። «ፍሬው መሻገት ጀመረ፣ ምን እንርጭበት?» ዕድሜዬን በሰብል ጥበቃ ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ፤ ፍሬው ከጣፈጠ በኋላ መርጨት ብዙም አያዋጣም። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እሽጉ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ካላከበራችሁ ለሰው የምትሸጡት መርዝ ነው። አንዱን ኬሚካል ስትደጋግሙትም ፈንገሱ ይለምደዋል።

ግራጫው ሻጋታ እኮ ለአገራችን ባዳ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባቄላ የሚፈጀው ቸኮላታማ ነጠብጣብ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ ሁለቱም ቦትራይቲስ ከሚባለው የፈንገስ ወገን ናቸው። የወይኑ በአበባ ጊዜ ገብቶ ያደፍጣል፣ ፍሬው ስኳር ሲይዝና ቆዳው ሲሳሳ ይነሳል። አየሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሆኖ ዘለላው 15 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ በቂው ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መግረዙ ላይ ነው። ከገረዛችሁ በኋላ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያው አራት አምስት ወር ይፈጃል፤ ወደ ኋላ ቁጠሩና ፍሬው የሚበስለው ክረምቱ ከወጣ በኋላ እንዲሆን አድርጉ። ፍሬው ገና ጠጠር እያለ ዘለላው አጠገብ ያለውን ቅጠል አንሱለት፣ ነፋስ ይግባበት፤ ግን በጠዋት ፀሐይ በኩል ብቻ። የሮቢትን የከሰዓት ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ፍሬውን ይጠብሰዋል። ዩሪያ አታብዙ። ውኃም ከሥር እንጂ ከላይ አይሁን።

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ዘለላ ካገኛችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ወፍ የጠቆመው ወይ ተርብ የበሳው ፍሬ ውስጥ እርሾና ባክቴሪያ ገብቷል፣ ትንንሿ ዝንብ ደግሞ ከዘለላ ዘለላ ታዛምተዋለች። ፀረ-ፈንገስ አይነካውም። ቆርጣችሁ ከማሳው አውጡት፣ እዚያው ግንዱ ሥር አትወርውሩት (ስንቱን አይቻለሁ!)።

ሻጋታው ታይቶ ዝናብ ካንዣበበ፣ ስኳሩ ትንሽ ቢቀረውም እኔ ብሆን እለቅማለሁ። ጠማቂው ያጉረመርም ይሆናል፣ ያጉረምርም። የሻገተ ፍሬ ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ይዞበት ነው የሚገባው፣ የወይን ጠጁን ያጠይመዋል፣ ጠማቂው የሚጨምረው ሰልፈር እንኳ በቀላሉ አያስቆመውም። መጀመሪያ ዞራችሁ የታመመውን ብቻ አውጡ፣ ጤነኛውን ከዚያ በኋላ፣ በሌላ ሳጥን። ለቀማውንም ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ።